ሕፃኑ የሚያነበውን ያውቃልን? የአንደኛ ደረጃ ትምህርትና የማስተማሪያ ቋንቋ ታሪክ

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሕፃናት ምን እንደሚማሩ ለማወቅ የፈለገ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ሥርዓተ ትምህርቱን ነው። የትምህርቱ ዓይነት፣ የክፍለ ጊዜው ብዛትና የመጻሕፍቱ ይዘት በዚያ ተዘርዝሮ ይገኛል። ይሁን እንጂ በሥርዓተ ትምህርቱ የተጻፈው ሁሉ ከሕፃኑ አእምሮ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ በመካከሉ ቋንቋ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአገራችን የትምህርት ታሪክ ሕፃኑ በሚያነበውና በሚረዳው መካከል የነበረውን ርቀት በአጭሩ መመርመር ነው።

ጥንታዊው ትምህርት

በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳን ይዘልቃል፤ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን አንብቦ በመጨረሻ ዳዊት ይደግማል። የሚያነበው ሁሉ በግእዝ የተጻፈ ስለሆነ ድምፁን እንጂ ምሥጢሩን አያውቀውም። ትርጓሜ ለላቀው ደረጃ የተጠበቀ ነበር። በቁርአን ትምህርት ቤትም ዓረብኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ላልሆነው ሕፃን ሁኔታው ተመሳሳይ ነበር። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በማንበብና በቃል በመያዝ ችሎታ ያፈሩት ፍሬ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከዳዊት በኋላ ትምህርቱን ያቆመ ልጅ ማንበብ እየቻለ ያነበበውን ሳይረዳ ይቀር ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት

በ1900 ዓ.ም. ግድም የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዋናው ተግባሩ የውጭ አገር ቋንቋዎችን ማስተማር ነበር። መንግሥቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚያደርገው ግንኙነት ቋንቋ አዋቂዎችን ይሻ ስለነበር ምርጫው ምክንያት ነበረው። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲደራጁ እንግሊዝኛ ዋና የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ ከመጻሕፍቱም ብዙዎቹ ከውጭ የመጡ ነበሩ። ስለዚህ ግእዝ በእንግሊዝኛ ተተካ እንጂ ርቀቱ አልጠበበም። እንዲያውም ዕዳው ከበደ፤ ሒሳብና ሳይንስም በማያውቀው ቋንቋ ይቀርቡለት ነበርና።

በ1956 ዓ.ም. በተሠራበት ሥርዓተ ትምህርት የአንደኛ ደረጃ ስድስት ዓመት ሆኖ ትምህርቱ በአማርኛ እንዲሰጥ ተደረገ። አማርኛ በቤቱ ለሚነገርለት ሕፃን ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። አማርኛን ከትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ለሚያገኘው ሕፃን ግን ችግሩ ስሙን ለወጠ እንጂ አልተወገደም።

እናትና ልጅ

ይህ ተቃርኖ ጎልቶ የታየው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ጎልማሳ በሚያውቀው ቋንቋ ቢማር ፈጥኖ እንደሚያነብ በማመን ውሎ አድሮ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተካሄደ። መደበኛው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ግን በአማርኛ መሰጠቱን ቀጠለ። ስለሆነም ወላይትኛ በሚነገርበት ቤት እናት ከመሠረተ ትምህርት ጣቢያ በራሷ ቋንቋ ስትማር፣ ልጅዋ ከትምህርት ቤት በሌላ ቋንቋ ይማር ነበር። ለእናት የሚበጀው ለልጅ የማይበጅበት ምክንያት በትምህርት ሙያ ረገድ ሊገኝ አይችልም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በመደንገጉ ጥያቄው መልስ ያገኘ መሰለ። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የተካሄደ የንባብ ምዘና እጅግ ብዙ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳየ። ካነበቡትም መካከል ስለ ታሪኩ ሲጠየቁ መልስ ያጡ ጥቂቶች አልነበሩም።

ማጠቃለያ

ከዚህ የምንገነዘበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሕፃኑ የማያውቀው ቋንቋ በር ይዘጋበታል። ሁለተኛ፣ የሚያውቀው ቋንቋ በሩን ይከፍትለታል እንጂ በእጁ ይዞ አያስገባውም፤ ይህ የመምህሩና የመጽሐፉ ድርሻ ነው። መላው ክፍል በአንድ ድምፅ ሲያነብ የሰማ ጎብኚ ትምህርቱ የሠመረ ሊመስለው ይችላል። መምህሩ ግን አንዱን ሕፃን ለብቻው አስነሥቶ «ያነበብኸውን መጽሐፉን ሳታይ ንገረኝ» ይበለው። በዚያ ክፍል ሕፃናት ምን እንደሚማሩ የሚታወቀው ከዚያ መልስ ነው።