እንዴት አደሩ?

ቁርጥማትን የማያውቅ አበሻ የለም። የምናውቀው ግን በጅምላ ነው። ጉልበት ሲያም ቁርጥማት፣ ወገብ ሲይዝ ቁርጥማት፣ ዝናብ ሊዘንብ ሲል አጥንት ሲነዘንዝም ያው ቁርጥማት ነው። አንዳንዱ «ሪህ» ይለዋል፤ በዓረብኛ ሪህ ማለት ነፋስ ነው። እንደ መካነ ሰላምና አካባቢው ባለ የወሎ ደጋ ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ የብርዱ ነው። «ብርድ መታኝ» ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ጋቢ ደርቦ እሳት ዳር መቀመጥ ነው።

ብርድን መሸሽ በታሪካችንም የራሱ ቦታ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መቀመጫቸው እንጦጦ ነበር፤ ቀዝቃዛና ነፋሻ ተራራ። ቤተ መንግሥቱ ለፍል ውሃ መታጠቢያ ወደ ታች እየወረደ በፊንፊኔ ሜዳ ይሰፍር ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወድደው ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ዋና ከተማችን የተቆረቆረችው ሰው ሙቅ ውሃ ፍለጋ በወረደበት ሜዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሙቅ ውሃ ሕመም ያስታግሣል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከቁርጥማቶች መካከል አንዱ የብርድ ልጅ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ጋሮድ እ.ኤ.አ. በ1859 «ሩማቶይድ አርትራይተስ» ብሎ ሰየመው። ሰውነት ራሱን ከበሽታ እንዲከላከልበት የተሰጠው ኃይል ተሳስቶ የገዛ አንጓውን ሲወጋ የሚመጣ ነው። ሴቶችን ከወንዶች አብልጦ ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጣትና ከእጅ አንጓ ነው፤ በግራም በቀኝም። የአረጋውያን የጉልበት ሕመም ሰው ሲሠራ ውሎ ይብሳል፤ ይኼኛው ግን ጠዋት ነው የሚከፋው። ሲነጋ እጅ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ እስኪፍታታ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ዝም ከተባለ አንጓውን እየበላ ጣትን ያጣምማል፤ የተጣመመው ደግሞ በመድኃኒት አይቃናም።

አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች እ.ኤ.አ. በመስከረም 1948 በማዮ ክሊኒክ አንዲት የ29 ዓመት ሴት ያክም ነበር። ሴትዮዋ በዚሁ በሽታ ከመራመድ ተገትታለች። ኋላ ኮርቲሶን የተባለውን መድኃኒት ወጋት። በሦስተኛው ቀን አልጋዋ ላይ እንደ ልቧ ተገላበጠች፤ በሳምንቱ ከተማ ወርዳ ሦስት ሰዓት ስትገበያይ ዋለች። ዓለም ጉድ አለ። ሄንችና ሁለት ባልደረቦቹ በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። መድኃኒቱ ሲቆም ሕመሙ ተመለሰ። ሲቀጥል ደግሞ ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል። የዚሁ መድኃኒት ዘመዶች፣ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን፣ ዛሬም በየመድኃኒት ቤቱ አሉ። ከሐኪም ጋር በልክ ከተወሰዱ ይረዳሉ። ያለ ሐኪም እየገዛ የሚውጥ ግን ሕመሙ ሲጠፋለት የዳነ ይመስለዋል፤ ታች አንጓው እየተበላ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውም በድንገት ቢተወው አደጋ ነው። ለአንጓው የሚደርሱለት እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉት ናቸው። እሱም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚዋጠው፤ በየቀኑ የዋጠው ሰው ሊሞት ይችላል። የጉበትና የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ እርጉዝ ሴት ፈጽሞ አትወስደውም።

ታዲያ ሕመም መጥፋቱ ብቻውን ምስክር ካልሆነ፣ በሽታው መገራቱ በምን ይታወቃል? የስታንፎርዱ ጄምስ ፍራይስ እ.ኤ.አ. በ1980 ከባልደረቦቹ ጋር ለዚህ ሃያ ጥያቄ አዘጋጀ። መልሱ ከደም ምርመራ ሳይሆን ከበሽተኛው አፍ ነው። ልብስህን ትለብሳለህ? ሙሉ ብርጭቆ ወደ አፍህ ታነሳለህ? የመኪና በር ትከፍታለህ? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ግን የቦረና ገበሬ የማንን መኪና በር ይክፈት? እኛ አገር ጥያቄው ሌላ ነው። ሊጡን ራስዎ ያቦካሉ ወይስ ልጅ ነው የሚያቦካልዎ? የጀሪካኑን ክዳን ያዞራሉ? መቀነትዎን ይታጠቃሉ? ዕርፍ ሲጨብጡ እጅዎ ይዘጋል? ለስግደት ወርደው ያለ ደጋፊ ይነሳሉ? አምና የተዉትን ሥራ ዘንድሮ ከጀመሩት መድኃኒቱ እየሠራ ነው። በዝምታ ለምራት ያስረከቡት ሥራ ካለ ደግሞ ነገሩ አልተገራም፤ አፋቸው ምንም ይበል ምን።

አፍማ ምን ይላል? ወሎዬ «እንዴት አደሩ?» ሲባል «ተመስገን» ነው፣ «አልሐምዱሊላህ» ነው። ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረም እንደዚያው ነው የሚለው። ሐኪም ፊትም ቀርቦ ያንኑ ይደግማል፤ ካርዱ ላይ «ደህና» ተብሎ ይጻፍለታል። የሚገርመው ለዚህ በሽታ ከሁሉ የሚሻለው ጥያቄ ይኸው የየጠዋቱ ሰላምታችን መሆኑ ነው። ከምር ከተጠየቀ ማለቴ ነው፦ ሲነሱ እጅዎ ስንት ሰዓት ቆይቶ ተፍታታ? ቡና እስኪፈላ ወይስ ከብት እስኪሰማራ?

ጠያቂና ቆጣሪ መኖሩ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በስኮትላንድ ግላስጎው ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆነው ጥናት 110 ሕሙማን ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየሦስት ወሩ እንደ ወጉ ታዩ። ግማሾቹ ግን በየወሩ እየታዩ፣ አንጓቸው እየተቆጠረ፣ ቁጥሩ ካልወረደ ሕክምናው እየተጠናከረ ሄደ። በ18 ወር ውስጥ ከቀሩት ከመቶ 16ቱ በሽታቸው ሲተኛ፣ ከተቆጠሩት ከመቶ 65ቱ ተኛላቸው። ልዩነቱን ያመጣው አዲስ ተአምረኛ መድኃኒት አልነበረም፤ ክትትሉ ነው።

ከመካነ ሰላም በየወሩ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ድረስ ተመላለሱ ማለት ቀልድ ነው። መድኃኒት መጀመርና መለወጥ የስፔሻሊስት ምክር ይጠይቃል። መቁጠሩ ግን ማሽን አይፈልግም፤ የሠለጠነ ነርስ አውራ ጣት ይበቃዋል። ትከሻ፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ የጣት መገጣጠሚያዎችና ጉልበት፣ በጠቅላላው 28 አንጓ። ተጫን፣ ያበጠውንና ያመመውን ቁጠር፣ ጻፍ፤ በሚቀጥለው ወር እንደገና። ከ28ቱ ውስጥ እግር አለመኖሩ ግን ለእኛ ጉድለት ነው። መኪና ለሚነዳው ለግላስጎው ሰው ይሁን። ገበያ በእግሩ ወርዶ በእግሩ ለሚመለሰው የቦረና ሰው ግን ነርሷ ጫማውን አስወልቃ ጣቶቹንም ብትጫን፣ «ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ነበር?» ብላም ብትጠይቅ ደግ ነው።