የኳንተም ቴክኖሎጂ የሥራ ገበያ

የኳንተም ቴክኖሎጂ የሥራ ገበያ በኳንተም ኮምፒውተር፣ በኳንተም ግንኙነትና በኳንተም ሴንሰር ላይ የተሰማሩ ኩባንያዎችና የምርምር ተቋማት ባለሙያ የሚፈልጉበትና የሚቀጥሩበት መስክ ነው። ገበያው ቀድሞ የፊዚክስ ዶክትሬት ላላቸው ተመራማሪዎች ብቻ የተተወ ያህል ነበር። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን መሐንዲሶችን፣ ፕሮግራመሮችንና ቴክኒሻኖችንም አጥብቆ መፈለግ ጀምሯል። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

ከዘርፉ ቀደምት ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ዲ-ዌቭ በ1999 በካናዳ ተመሠረተ። የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች በአብዛኛው የተገኙት በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ነው። ጉግል በ2014 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ መምህር የነበሩትን ፕሮፌሰር ጆን ማርቲኒስን ከነምርምር ቡድናቸው ቀጠረ፤ ማርቲኒስ በ2025 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተጋርተዋል። በ2015 የተቋቋመውን አዮንኪው የተባለ የኳንተም ኮምፒውተር ኩባንያ የመሠረቱትም ክሪስቶፈር ሞንሮና ጁንግሳንግ ኪም የተባሉ ሁለት ፕሮፌሰሮች ናቸው።

አይቢኤም በ2016 ባለ5 ኪዩቢት (የኳንተም መረጃ መሠረታዊ አሃድ) ኮምፒውተሩን በኢንተርኔት ለሕዝብ ከፈተ፤ በ2017 ደግሞ ኪስኪት የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ በነፃ አቀረበ። ከዚያ በኋላ አንድ ተማሪ ማሽኑ ያለበት አገር ሳይሄድ መለማመድ ቻለ፤ የሶፍትዌር ባለሙያዎችም ወደ ዘርፉ የሚገቡበት በር ሰፋ።

ቅጥሩን ካፋጠኑት ነገሮች አንዱ የመንግሥት በጀት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ለ10 ዓመት 1 ቢሊዮን ዩሮ የተያዘለትን የኳንተም ፕሮግራም ጀመረ። አሜሪካም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ለ5 ዓመት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ብሪታንያ በ2023 ለ10 ዓመት 2.5 ቢሊዮን ፓውንድ እንደምትመድብ አስታወቀች።

የሥራ ዓይነቶች

ኩባንያዎቹ ቲዎሪስት፣ የቤተ ሙከራ ሳይንቲስት፣ መሐንዲስ፣ ቴክኒሻንና ቴክኖሎጂው በተግባር የሚውልበትን መንገድ የሚያጠና ተመራማሪ ይቀጥራሉ። በ2020 የታተመና ከ21 የአሜሪካ ኩባንያዎች ጋር በተደረገ ቃለ መጠይቅ ላይ የተመሠረተ ጥናት ፕሮግራም መጻፍ፣ መረጃ መተንተንና የቤተ ሙከራ ልምድ በብዙ የሥራ መደቦች ላይ ተፈላጊ መሆናቸውን አሳይቷል። እንደ አልጎሪዝም ቀመራና ስሕተት እርማት ያሉ ሥራዎች ጥልቅ የኳንተም ዕውቀት ይጠይቃሉ፤ ለሌሎች ብዙ ሥራዎች ግን መሠረታዊ ግንዛቤ ይበቃል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የማቀዝቀዣው ክፍል ነው። እንደ አይቢኤምና ጉግል ባሉ ኩባንያዎች የኳንተም ቺፑ የሚሠራው ሂሊየም-3ንና ሂሊየም-4ን በማደባለቅ በሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ውስጥ፣ ከፍጹም ዜሮ በላይ በአንድ ዲግሪ መቶኛ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ ነው። ፓምፑን የሚከታተል፣ ገመዶቹን የሚዘረጋና የሚበይድ፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን የሚፈትሽ ቴክኒሻን ያስፈልጋል። በሥራ ላይ ቀዳዳ ከተገኘ መሣሪያውን አሙቆ መክፈት፣ ጠግኖም እንደገና ማቀዝቀዝ ግድ ይላል፤ ይህም ቀናት ይወስዳል። እንዲህ ያለው ሙያ በመጽሐፍ ብቻ አይገኝም፤ እጅን ማስለመድ ይጠይቃል።

እጥረትና ሥልጠና

የማኪንዚ አማካሪ ድርጅት በ2022 ባወጣው ግምት ለሦስት ክፍት የኳንተም የሥራ ቦታዎች ብቁ አመልካች የሚገኘው ለአንዱ ብቻ ነበር። ጉድለቱን ለመሙላት የዊስኮንሲን-ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ በ2019 በኳንተም ኮምፒውተር ላይ ያተኮረ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ጀመረ። አውሮፓ በ2021 ለዘርፉ ሠራተኞች የሚያስፈልጉ ችሎታዎችን የሚዘረዝር የጋራ ማዕቀፍ አዘጋጀች፤ አሜሪካም በ2022 ብሔራዊ የሰው ኃይል ዕቅድ አወጣች። በኮሎራዶ የሚገኘው ኤሌቬት ኳንተም የተባለው ጥምረት በ2024 ከአሜሪካ መንግሥት 40.5 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለታል፤ ከዓላማዎቹም አንዱ የሰው ኃይል ሥልጠና ነው።

ውጣ ውረድ

እጥረት አለ ማለት ሥራው ሁልጊዜ አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ገና ከሽያጭ ይልቅ በባለሀብቶች ገንዘብ ስለሚተዳደሩ ገንዘቡ ሲሳሳ ሠራተኛ ይቀንሳሉ። ሪጌቲ የተባለው የኳንተም ኩባንያ በ2023 ከሠራተኞቹ 28 በመቶ ያህሉን አሰናበተ፤ ዛፓታ የተባለው ሌላ ኩባንያ ደግሞ በ2024 ሥራ አቆመ። የሥራ ቦታዎቹም እንደ ቦልደር፣ ቺካጎ፣ ዴልፍትና ኦክስፎርድ ባሉ ጥቂት ከተሞች ዙሪያ የተሰባሰቡ ናቸው።

ከእነዚህ ከተሞች ውጭ ላሉ ባለሙያዎች ሰፊው ዕድል ያለው በመረጃ ደኅንነት በኩል ነው። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም የኳንተም ኮምፒውተርን ጥቃት ይቋቋማሉ የተባሉ የመጀመሪያዎቹን ሦስት የምስጠራ ደረጃዎች በነሐሴ 2024 አጽድቋል። ባንኮች፣ የቴሌኮም ድርጅቶችና መንግሥታት ነባር የምስጠራ ዘዴያቸውን መቀየር ይጠበቅባቸዋል፤ ሥራው ግን የኳንተም ማሽን አይጠይቅም፣ የኔትወርክና የምስጠራ ባለሙያ እንጂ። የአሜሪካ መንግሥት የራሱን ሽግግር በአመዛኙ ለማጠናቀቅ ያቀደው በ2035 ነው።