የሻንጋዩ ናንጂንግ ጎዳና፦ ከፈረስ መንገድ እስከ እግረኞች መገበያያ

በቻይናዋ የንግድ ከተማ ሻንጋይ የሚገኘው ናንጂንግ ጎዳና ከሁዋንግፑ ወንዝ ዳርቻ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። ታሪኩም በአመዛኙ «መንገዱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው።

ቻይና በመጀመሪያው የኦፒየም ጦርነት ተሸንፋ እ.ኤ.አ በ1842 በፈረመችው ውል ሻንጋይ ለውጭ ንግድ ከተከፈቱት አምስት ወደቦች አንዷ ሆነች። የብሪታንያ ነጋዴዎችም በ1850ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፈረስ መጋለቢያ ሜዳቸው የሚወስድ መንገድ ቀየሱ። መንገዱ በ1865 የአሁኑን ስም ያገኘ ሲሆን፣ በ1908 ትራም ገባበት።

ጎዳናውን የገበያ ማዕከል ያደረጉት ግን የውጭ ኩባንያዎች ብቻ አልነበሩም። በአውስትራሊያ የፍራፍሬ ንግድ ሲሠሩ የቆዩ የጓንግዶንግ ተወላጆች ሲንሲር የተባለውን ትልቅ መደብር በ1917፣ ዊንግ ኦን የተባለውን ደግሞ በ1918 ፊት ለፊት ከፈቱ። በ1926 እና በ1936 ሁለት ተጨማሪ መደብሮች ተከተሉ፤ የመጨረሻው ደንበኞችን በተንቀሳቃሽ ደረጃ ያወጣ ነበር።

ይሁንና ሀብቱ ቻይናውያንን በገዛ ከተማቸው የመንገዱ ባለቤት አላደረጋቸውም። በአንድ የጃፓናውያን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንድ ቻይናዊ ሠራተኛ በጥይት መገደሉን ተከትሎ እ.ኤ.አ ሜይ 30 ቀን 1925 ሰልፈኞች በጎዳናው ላይ ሲሰባሰቡ፣ በብሪታንያዊ መኮንን የሚታዘዝ የፖሊስ ኃይል ተኩስ ከፍቶ በትንሹ ዘጠኝ ሰዎችን ገደለ። ድርጊቱ በቻይና ታላላቅ ከተሞች የሥራ ማቆም አድማና የብሪታንያና የጃፓን ሸቀጦችን ያለመግዛት እንቅስቃሴ አስነስቷል። የውጭ ዜጎች የሚያስተዳድሩት ክልል በይፋ ያከተመው በ1943 ሲሆን፣ ታላላቆቹ መደብሮች ከ1949 በኋላ ቀስ በቀስ በመንግሥት እጅ ገብተዋል።

በ1990ዎቹ የእግረኛውና የተሽከርካሪው መጨናነቅ ሌላ ውሳኔ አስፈለገ። የከተማው አስተዳደር መንገዱን በአንድ ጊዜ አልዘጋም፤ በ1995 በቅዳሜና እሁድ ብቻ ለእግረኛ በመተው ጀመረ። የአውቶቡስ መስመሮች ወደ ጎን መንገዶች ተዛወሩ፤ ከሥሩም የምድር ባቡር ተዘረጋ። በፈረንሳይ የኪነ ሕንፃ ድርጅት ንድፍ የተሠራው 1 ሺህ 33 ሜትር የእግረኞች ጎዳና የሕዝባዊት ቻይና 50ኛ ዓመት ከመከበሩ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1999 ተመረቀ። አቋራጭ መንገዶች ለተሽከርካሪ ክፍት መተዋቸው ውጥኑን ሥራ ላይ ለማዋል ያገዘ አስተዋይ እርምጃ ነበር።

ወደ ወንዙ ዳርቻ የሚወስደው ቀሪው ክፍል ለእግረኞች የተከፈተው ከ21 ዓመታት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2020 ነው።