የሞተሩ ትንፋሽ፣ የጎረቤቱ አየር፦ አንድ ቱቦ የማስረዳት ሸክምን እንዴት እንዳዛወረ

ለፈጣን መኪኖች ከሚሸጡ ተጨማሪ ዕቃዎች መካከል የአየር ማስገቢያን ያህል ቀላል የሚመስሉ ጥቂቶች ናቸው። አንድ ቱቦ፣ አንድ ማጣሪያ፣ ጥቂት ማሰሪያዎች፤ መፍቻ መያዝ የሚችል ሰው በግማሽ ቀን ይገጥመዋል። የገዢው ጥያቄም የተለመደ ነው፦ ስንት የፈረስ ጉልበት ይጨምራል? ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ዕቃው የአየር ሀብት ቦርዱ የሰጠው የነጻነት ትእዛዝ ቁጥር አለው ወይ? ቁጥሩ ከሌለ መኪናው በየጊዜው የሚደረገውን የጭስ ምርመራ ላያልፍ ይችላል።

ይህች በኮፈኑ ሥር የምትለጠፍ ወረቀት የግማሽ ምዕተ ዓመት ክርክር ውጤት ናት። ክርክሩ ስለ ፍጥነት ብቻ አልነበረም። አንድ ሰው የራሱን ንብረት ሲለውጥ ጉዳት አለማድረሱን ማን ያስረዳ፣ ለማስረዳቱስ ማን ይክፈል የሚል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰዓት መያዣው ዳኛ በነበረበት ዘመን

ፎርድ በ1932 ስምንት ሲሊንደር ያለውን ሞተር ተራው ሰው ሊገዛው በሚችል ዋጋ ለገበያ ሲያቀርብ፣ የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች ሞተሩን እየፈቱ ማሻሻል ያዙ። መወዳደሪያቸው እንደ ሙሮክና ኤል ሚራዥ ያሉ የደረቁ የሐይቅ ወለሎች ነበሩ። በ1937 የደቡብ ካሊፎርኒያ የፍጥነት ማኅበር ተቋቋመ፤ በጥር 1948 ደግሞ «ሆት ሮድ» መጽሔት ታተመ። እንደ ቪክ ኤደልብሮክ ያሉ የጋራዥ ባለሙያዎች ድብልቁን ከካርቡሬተር ወደ ሲሊንደሮች የሚያከፋፍለውን ክፍል እያሻሻሉ መሸጥ ጀመሩ።

ያ ገበያ ያለ ተቆጣጣሪ መሥራቱ በአጋጣሚ አልነበረም። ሻጩ የተናገረው በአደባባይ ይፈተን ነበር። መኪናው በሐይቁ ወለል ላይ ሮጦ ሰዓቱ ሲያዝ እውነቱ ይታወቃል፤ ስምም ይተከላል ወይም ይጠፋል። ገዢውና ሻጩ የሚያውቁት ነገር ተቀራራቢ ነበር። የጎደለ ነገር ቢኖር በሰዓት መያዣው የማይመዘገበው ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ነው። የጭሱን ዋጋ የሚከፍለው በውድድሩ ቦታ ያልነበረ ሰው ነበር።

ቱቦው ከትንፋሽ በላይ ሲሆን

በሐምሌ 1943 ሎስ አንጀለስን ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ሸፈናት። ጣት የተቀሰረው በከተማዋ መሃል ሰው ሠራሽ ጎማ ለማምረት የሚያገለግል ኬሚካል በሚያዘጋጅ ፋብሪካ ላይ ነበር። ፋብሪካው ለጊዜው ሥራ ሲያቆም ጭጋጉ ግን አልጠፋም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋሙ ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት፣ ያልተቃጠለ ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች በፀሐይ ብርሃን ተዋሕደው ይህን ጭጋግ እንደሚፈጥሩ አሳዩ። ከዋነኞቹ ምንጮችም አንዱ የከተማዋ ኩራት የሆነው መኪና ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያው መድኃኒት ያረፈው በጭስ ማውጫው ላይ ሳይሆን በአየር ማስገቢያው በኩል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በፒስተን ዙሪያ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚገባ ጋዝ ቀድሞ በቀጥታ ወደ ውጭ ይተፋ ነበር። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ይህ ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው ተመልሶ እንዲቃጠል ተደረገ። ቀጥሎም ከነዳጅ ታንኩ የሚተነው ቤንዚን በከሰል ማሰሮ ተይዞ በዚያው መንገድ ወደ ሞተሩ እንዲገባ ሆነ። የብዙ መኪኖች የማጣሪያ ቤትም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሞቀ አየር የሚስብ ክዳን ተገጠመለት፤ ነዳጁ በደንብ ሳይተን እንዳይባክን ማለት ነው።

ስለዚህ በ1970ዎቹ መባቻ ማስገቢያው የሞተር መተንፈሻ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የጭስ መቆጣጠሪያው አካል ሆኗል። ክፍት ማጣሪያ ገዝቶ የፋብሪካውን ሣጥን የጣለ ሰው፣ የጣለው ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችል ነበር። ታሪኩ ከዚህ በኋላ የኢኮኖሚክስ ታሪክ ይሆናል።

1970 እና የሁለት ዓይነት ዕውቀት ማነስ

ካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርዷን በ1967 አቋቋመች፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበርም ሃገን-ስሚት ሆኑ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በታኅሣሥ 1970 የፈረሙት የንጹሕ አየር ሕግ ደግሞ አምራቾችና አከፋፋዮች የተሸጠን መኪና የጭስ መቆጣጠሪያ እንዳያሰናክሉ ከለከለ። በ1977 ክልከላው ጋራዦችንና ብዙ መኪና የሚያስተዳድሩ ድርጅቶችን ጨመረ። በ1990 ማንኛውም ሰው በሕጉ ሥር ሆነ፤ መቆጣጠሪያውን ለማምለጥ የሚያገለግል ዕቃ ማምረትና መሸጥም ተከለከለ። ሃያ ዓመት የፈጀው ይህ መስፋፋት የራሱ አመክንዮ ነበረው፦ ሕጉ የጀመረው ለመቆጣጠር ከሚቀልሉት ጥቂት ትልልቆች ነው፤ የደረሰውም በሚሊዮን ወደሚቆጠሩት ባለቤቶች ነው።

ጆርጅ አከርሎፍ ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ የጻፉት ዝነኛ ጥናት የታተመው በዚያው በ1970 ነው። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ጥሩ ዕቃ በመጥፎ ዕቃ ዋጋ እንደሚመዘን፣ በመጨረሻም ከገበያው ሊወጣ እንደሚችል አሳዩ። የአየር ማስገቢያው ገበያ ግን የባሰ ችግር ነበረበት። ገዢው የማያውቀው የዕቃውን ጥራት ብቻ አልነበረም፤ ዕቃው በሦስተኛ ወገን ላይ የሚያደርሰውንም አያውቅም። የመጀመሪያውን ለማወቅ ቢያንስ የራሱ ጥቅም ያነሳሳዋል፤ ሁለተኛውን ለማወቅ ግን ምንም የሚያነሳሳው ነገር የለም።

ለዚህ ሁለት መልሶች ተሰጡ። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በሰኔ 1974 ባወጣው ማስታወሻ፣ አምራቹ ዕቃው ጭስ እንደማያብስ ለማመን ምክንያታዊ መሠረት ካለው ክስ እንደማያቀርብ ገለጸ። አምራቹ ማስረጃውን ይያዝ፤ ሲጠየቅ ያቅርብ። ካሊፎርኒያ ግን ማስረጃው ከሽያጭ በፊት እንዲቀርብ አደረገች። ዕቃው ተፈትኖ ካለፈ፣ ለተወሰኑ ሞዴሎች፣ ዓመታትና ሞተሮች የሚሠራ የነጻነት ትእዛዝ ቁጥር ይሰጠዋል። ፈተናውን የሚከፍለው አምራቹ ነው፤ ገዢው የሚጠበቅበት ቁጥሩን ከራሱ መኪና ጋር ማመሳከር ብቻ ነው።

በ1975 መጀመሪያ የጸደቀው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ ይህንኑ ሸክም በሌላ ገጽ አስተካከለ። የመኪና አምራች፣ ባለቤቱ የሌላ ድርጅት ዕቃ ስለገጠመ ብቻ ዋስትናውን በሙሉ ሊያቋርጥ አይችልም። ብልሽቱ ከተገጠመው ዕቃ የመጣ ከሆነ ግን ያንን ብልሽት ለመጠገን አይገደድም። ብዙ ሻጮች የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ያስታውሳሉ፤ ሁለተኛውን ይዘነጋሉ።

ኮምፒውተሩ የሚያምነው ቱቦ

ሸክሙ ለምን ወደ አምራቹ መዛወር እንዳስፈለገው ይበልጥ የተገለጠው ኮምፒውተር ከመጣ በኋላ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ብዙ ሞተሮች የሚገባውን አየር የሚለኩት በማስገቢያው ውስጥ በተቀመጠ የጋለ ሽቦ ነው። ሽቦው የሚለካው በአጠገቡ የሚያልፈውን አየር ብቻ ነው። ጠቅላላውን መጠን ኮምፒውተሩ የሚያሰላው ቱቦው ፋብሪካው የሠራው ስፋት እንዳለው አምኖ ነው።

ለምሳሌ እንደ ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ ያለ ባለ ቱርቦ መኪና ይወሰድ። መለኪያው ያለበት ቱቦ ዲያሜትር ከ70 ወደ 75 ሚሊሜትር ቢሰፋ የውስጥ ስፋቱ በ15 በመቶ ገደማ ያድጋል። ያው የአየር መጠን አሁን በዝግታ ያልፋል፤ ኮምፒውተሩም የገባውን አየር በ13 በመቶ ገደማ አሳንሶ ያነባል። የሚረጨው ነዳጅ ያንሳል። በቀስታ ሲነዳ የኦክስጅን መለኪያው ስሕተቱን ያርመዋል፤ በሙሉ ኃይል ሲነዳ ግን ብዙ ኮምፒውተሮች የሚተማመኑት በተጻፈላቸው ሠንጠረዥ ላይ ነው። ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ ያለጊዜው ይፈነዳል፤ ፒስተንም ይሰበራል። ስለዚህ የፋብሪካውን የመለኪያ ስፋት ያልጠበቀ ማስገቢያ ከኮምፒውተር ማስተካከያ ጋር ካልሆነ መገጠም የለበትም።

ዓይን የማያየው ሌላም ነገር አለ። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች የማጣሪያ ሣጥን ውስጥ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በማስገቢያው በኩል የሚያመልጠውን የቤንዚን ትነት የሚይዝ የከሰል ንጣፍ አለ። ሣጥኑ ሲጣል መኪናው ቆሞም አየሩን ይበክላል። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቀው ሣጥኑን የነደፈው መሐንዲስ ነው፤ ከገዢው ሊጠበቅ የሚችል ዕውቀት አይደለም።

ቁጥሩ የማይናገረው

የነጻነት ትእዛዙ ዕቃው ኃይል ይጨምራል አይልም። የሚለው ጭሱን ከተፈቀደው በላይ አያብስም ነው። ስለ ኃይሉ ገዢው ፊዚክስን መጠየቅ አለበት። የሚሳበው አየር በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢቀዘቅዝ ጥግግቱ በ3 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ለትርፉ ጣሪያ የሚሆነው ይህን የመሰለ ቁጥር ነው። ብዙ ዘመናዊ መኪኖች ግን ከፋብሪካው ሲወጡ ጀምሮ አየር የሚስቡት ከራዲያተሩ ፊት ወይም ከፓራፋንጎው ውስጥ ነው። በኮፈኑ ሥር ገላጣውን የተቀመጠ ማጣሪያ በተቃራኒው የሞቀ አየር ሊስብ ይችላል። ሻጩ የሚያሳየው መለኪያ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ትልቅ ማራገቢያ ፊት ለፊት ተደቅኖ የተወሰደ ከሆነ በጎዳና ላይ የሚሆነውን አይነግርም።

ማጣሪያው የሚያሳልፈው የአየር ብዛትም ለብቻው በቂ መመዘኛ አይደለም። አይሶ 5011 የተባለው የፈተና ደረጃ የአየር መቋቋምን ብቻ ሳይሆን የተያዘውንና ያመለጠውን አቧራ ይመዝናል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች አሸዋ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ከመጠን በላይ ዘይት የተቀባ ማጣሪያ ደግሞ የመለኪያውን ሽቦ ሊያቆሽሽ ይችላል።

ታዲያ ብዙዎች ለምን ይገዛሉ? አንዱ መልስ ድምፁ ነው። የፋብሪካው ሣጥን ትንፋሹን ያፍናል፤ ክፍቱ ማጣሪያ ያጎላዋል፤ ጆሮም ጩኸትን እንደ ኃይል ይቆጥራል። ከበሮ በሰው እጅ ያምር ሲይዙት ያደናግር እንደተባለው፣ በሌላው መኪና የሚማርከው ድምፅ በየዕለቱ ጉዞ አሰልቺ ሊሆን ይችላል።

የደንቡ ዋጋ

ደንቡ ያለ ወጪ አልመጣም። ፈተናው ለትልቅ አምራች የንግድ ወጪ ነው፤ ለትንሽ ጋራዥ ግን በር የሚዘጋ ክፍያ ሊሆን ይችላል። ፈቃዱ በሞዴልና በዓመት የተወሰነ በመሆኑ ጥቂት ገዢ ያላቸው መኪኖች ሳይፈተኑ ይቀራሉ፤ ጉዳት የሌለው ዕቃም ቁጥር ስለሌለው ብቻ ይታገዳል። እነዚህ ተቃውሞዎች ክብደት አላቸው።

የጀርመን መንገድ ለእነዚህ ተቃውሞዎች በከፊል ይመልሳል። በዚያ ሕግ ጭስን ወይም ድምፅን የሚያብስ ለውጥ የመኪናውን የመንገድ ፈቃድ ያስቀራል። ነገር ግን ዕቃው ጠቅላላ ፈቃድ ባይኖረው ባለቤቱ መኪናውን ለተፈቀደለት መርማሪ አቅርቦ በተናጠል ማስመዝገብ ይችላል። የማስረዳቱ ሸክም ይቀራል፤ የሚሸከመውን ሰው ግን መምረጥ ይቻላል።

ሸክሙ በማንም ላይ ሳይወድቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን የናፍጣ ፒክአፖች አሳይተዋል። የአካባቢ ጥበቃ ተቋሙ በ2020 ባወጣው ግምት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ550,000 በላይ ፒክአፖች የጭስ መቆጣጠሪያቸው ተነቅሏል፤ በዕድሜያቸውም ከ570,000 ቶን በላይ ተጨማሪ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለቃሉ። ይህ ጉዳት የአየር ማስገቢያ አይደለም፤ ግን ከዚያው ገበያና ከዚያው «የራሴ መኪና ነው» ከሚለው ክርክር የበቀለ ነው።

ለአዲስ አበባ የሚተርፍ ትምህርት

በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የትኛውም ቱቦ ያንን አይመልስም። ትምህርቱ ያለው ከቱቦው ይልቅ በደንቡ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ የመኪና ፖሊሲዋን በዋናነት የምትመራው በድንበር በር ነው። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ሁለቱም ውሳኔዎች የሚመለከቱት የሚገባውን መኪና ነው። አስቀድሞ የገባው መኪና ግን ለዓመታት በመለዋወጫ እየታደሰ ይነዳል፤ የሚተነፍሰውንም አየር የሚወስነው የሚገጠምለት ማጣሪያና የሚነቀልለት ዕቃ ነው። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ አንድን መኪና በአንድ ቀን ያያል። አንድን መለዋወጫ አንድ ጊዜ መርምሮ በሺዎች ለሚቆጠሩ መኪኖች መልስ መስጠት ግን ሌላ ተቋም ይጠይቃል።

የካሊፎርኒያ ልምድ ለዚያ ተቋም ሦስት መመዘኛ ይተዋል። ማስረጃውን በርካሽ ሊያቀርብ የሚችለው ወገን ያቅርብ፤ ይህም በአብዛኛው አምራቹ ወይም አስመጪው ነው። ለገዢው የሚቀረው ሥራ በአንድ ደቂቃ የሚፈጸም ይሁን። ፈተናውን መክፈል ለማይችል ትንሽ ባለሙያም የተናጠል በር ይከፈትለት። የመጨረሻው ከተዘነጋ ደንቡ አየሩን ሲጠብቅ ገበያውን ለጥቂቶች ያስረክባል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከተዘነጉ ደግሞ ወረቀቱ ይለጠፋል፣ አየሩ ግን እንደነበረ ይቀራል።