ኢሠፓና የወሎ ገበሬ

የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) መሥራች ጉባኤ በጳጉሜን 1976 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ሲካሄድ፣ የወሎ ሕዝብ በረሀብ እያለቀ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽን ለለጋሾች ጥሪ ያቀረበው ከወራት በፊት፣ በመጋቢት ነው። በኮረም የሰፈሩት ረሀብተኞች ፊልም ግን ለዓለም የታየው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነው።

ፓርቲው የተወለደው ከድርጅቶች መተላለቅ ማግሥት ነው። ኢሕአፓ በቀይ ሽብር ተደቁሶ፣ መኢሶን ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ገብቶ፣ የኢማሌድህም ኅብረት ፈርሶ ሳለ፣ በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. የተቋቋመው ኢሠፓአኮ ድርጅቶችን ሳይሆን ግለሰቦችን ብቻ መልምሎ ተቀበለ። በዚህም ምክንያት ከ123 የማዕከላዊ ኮሚቴው አባላት 79ኙ የሠራዊትና የፖሊስ ሰዎች ሆኑ። በኋላም ከኢሠፓ ፖሊት ቢሮ 11 አባላት 7ቱ የደርግ ቋሚ ኮሚቴ አባላት የነበሩ ናቸው። ሠርቶ አደሩ በፓርቲው ስምና በጋዜጣው ርእስ ላይ እንጂ በወንበሩ ላይ እምብዛም አልታየም።

የወሎ ገበሬ ይህን ፓርቲ ያወቀው በፕሮግራሙ ሳይሆን በትእዛዙ ነው። በሠፈራው ዘመቻ ከቀዬአቸው ከተነሡት ከ590 ሺህ በላይ ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ወሎዬዎች ነበሩ፤ ምልመላው በካድሬ ሲመራ፣ በፈቃዱ የሄደም ተገዶ የሄደም ነበረ። ከዚህም ሌላ የእህል ኮታ ነበረ። እህሉን ጭኖ ሰኞ ገበያን ወደ መሰለ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ዋጋውን ራሱ ተከራክሮ መቁረጥ ልማዱ ነው፤ ኮታው ግን መንግሥት በተመነውና ከገበያው ባነሰ ዋጋ የሚከፈል ነበር። የእህል ነጋዴውንም ኬላ ይጠብቀው ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ትግራይ ከመንግሥት እጅ ወጣች፤ የጦርነቱም ግንባር ወደ ወሎ ወረደ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፣ ፓርቲውም የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ ተባለ። ስሙን ከልቡ የተቀበለው ሰው ብዙ አይመስልም። አዋጁ የተሰማው ገበሬ ግን አልዘገየም፤ አብዛኞቹ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በወራት ውስጥ ፈረሱ፣ መሬቱንና በሬውን አባላቱ ተከፋፈሉ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደሴንና ኮምቦልቻን ከፓርቲው መንግሥት እጅ ያወጣው የኢሕአዴግ ዘመቻ «ዋለልኝ» ይባል ነበር። ዋለልኝ መኮንን የደሴው የወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረ፣ ደርግ ከመቋቋሙ በፊት በኅዳር 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞከር የተገደለ ወጣት ነው።