የሙዚቃ መሣሪያ ስምና መልክ በጥንታዊ ጽሑፎች

የአንድ የሙዚቃ መሣሪያ ስም በጥንታዊ መጻሕፍት ውስጥ መገኘቱ ብቻ የመሣሪያውን መልክ አያስረዳም። መዝሙረ ዳዊት ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ሲመለስ «ኪታራ» ለተባለው ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ የገባው ቃል «መሰንቆ» ነው፤ ዛሬ ግን በዚሁ ስም የምናውቀው በደጋን የሚገዘገዘውን ባለ አንድ ጭራ መሣሪያ ነው። በሕንድም በጥንታዊ የሳንስክሪት ጽሑፎች «ቪና» የተባለው የበገና ዓይነት ሲሆን፣ ኋላ ስሙ ረጅም አንገት ወዳለው ሌላ መሣሪያ ተላልፏል። በታሚልኛው ሲላፓቲካራም የተወሳው «ያዥ» ደግሞ ስሙ በመጽሐፍ ሲቀር መሣሪያው ራሱ ከአገልግሎት ወጥቷል።

ይህ ለወላይታ ትምህርት ቤቶች ማስጠንቀቂያ ነው። ወላይትኛ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማስተማሪያ ከሆኑት ቋንቋዎች አንዱ ቢሆንም፣ የሙዚቃው ዕውቀት በአብዛኛው የተላለፈው በቃልና በተግባር ነው። ዛዬና ዲንኬን የመሳሰሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች ምስጢራቸው ያለው በነፊዎቹ እጅ ነው። ስለዚህ የመማሪያ መጽሐፍ ስማቸውን ብቻ ቢዘረዝር ተግባሩን ፈጸመ አይባልም። በሶዶና በአካባቢዋ የሚያስተምር መምህር፣ ተማሪዎቹ ወደ አዋቂ ነፊዎች ቀርበው መሣሪያው ከምን እንደሚሠራ፣ ርዝመቱን፣ አነፋፉንና የሚነፋበትን ጊዜ ጠይቀው እንዲመዘግቡና በሥዕል እንዲያስደግፉ ማድረግ ይገባዋል። አለዚያ ለመጪው ትውልድ የምናወርሰው ባዶ ስም ይሆናል።