ወደ ዳጋ ደሴት ያደረግነው ጉዞና በዚያ ያረፉት ነገሥታት

ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በደጋው ምድር ላይ የተዘረጋ ሐይቅ ነው። በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ ድንጋይ የውኃውን መውጫ በደቡብ በኩል ስለ ዘጋው እንደ ተፈጠረ የምድር ሊቃውንት ያስረዳሉ። ርዝመቱ 84፥ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ በነካው ጊዜ ፈጥኖ ይናወጣል። ይህን አስቀድመን በመጽሐፍ አንብበነው ነበር፤ በኋላ ግን በልብሳችን ተቀበልነው።

የታሪክ ክበባችን ከባሕር ዳር ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ለመሄድ በተነሣ ጊዜ ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎች በአንድ ሞተር ጀልባ ተሳፈርን። ከጥዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነበር፤ ባሕሩም እንደ መስታወት ጸጥ ብሏል። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ተቀምጦ የሚቀዝፍ አንድ ዓሣ አጥማጅ በአጠገባችን ሲያልፍ እጁን አነሣልን። ሦስት ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ ዳጋ በደን እንደ ተሸፈነ ሾጣጣ ተራራ ከውኃው መካከል ብቅ አለ።

እኛ ሴቶቹ ከወደቡ ማለፍ አልተፈቀደልንም። ዳጋ የወንዶች ገዳም ስለ ሆነ ሴት ወደ ላይ አትወጣም። ሥርዐቱ ከእኛ ብዙ የቀደመ ነው፤ እኛም ልናፈርሰው አልመጣንም፤ ነገር ግን ቅር አላለንም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተመረጥሁት እኔ ስሆን፥ የምጽፍበት ነገር ያለው ደግሞ ከተራራው ጫፍ ላይ ነው! የታሪክ መምህራችን ግን፥ «የታሪክ ጸሐፊ ሁሉ ያላየውን ነው የሚጽፈው፤ ጠይቂ፥ አመሳክሪ» አሉኝ። ስለዚህ ወንዶቹ ሲወጡ እያንዳንዳቸው የሚያዩትን ለየብቻ እንዲጽፉልኝ አደራ አልኋቸው።

ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት አቡነ ኂሩተ አምላክ ናቸው። እርሳቸውም የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት የነበሩት የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ደቀ መዝሙር እንደ ነበሩ ይነገራል። የሐይቁም የጣናውም ገዳም በአንድ ሰማዕት ስም መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ዐፄ ይኩኖ አምላክም ከሐይቅ ገዳም ጋራ የጠበቀ ግንኙነት እንደ ነበራቸው ስናስታውስ፥ አፅማቸው በዳጋ አረፈ መባሉ እንግዳ አይሆንብንም።

በዕቃ ቤቱ ውስጥ አፅማቸው በሣጥን ተቀምጧል የሚባሉት ነገሥታት አምስት ናቸው። እነርሱም በ1262 ዓ. ም. ነግሠው በ1277 ዓ. ም. ያረፉት ዐፄ ይኩኖ አምላክ፥ ዐፄ ዳዊት፥ ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ ዐፄ ዘድንግልና ዐፄ ፋሲል ናቸው። ከመጀመሪያው ሞት እስከ መጨረሻው 383 ዓመት አልፏል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ያረፉት በ1460 ዓ. ም. በደብረ ብርሃን ነው፤ አፅማቸው ግን ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ በውኃ ተሻግሮ እዚህ መጣ።

ስለ ምን ወደ ደሴት? ከ1521 እስከ 1535 ዓ. ም. በነበረው የግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸውን ያስታውሷል። በየብስ ያለውን እሳት ሲበላው በውኃ የተከበበው ይተርፋል። በጣና ደሴቶች የብራና መጻሕፍት፥ አክሊሎችና ሥዕሎች እስከ ዛሬ መገኘታቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የዘድንግልና የፋሲል በአንድ ቤት ማረፍ ነው። ዐፄ ዘድንግል የኢየሱሳዊውን የፔድሮ ፓኤዝን ትምህርት በመቀበላቸው መኳንንቱ ተነሥተውባቸው በ1597 ዓ. ም. በባርጫ ሜዳ በጦርነት ተገደሉ። ዐፄ ፋሲል ደግሞ በ1624 ዓ. ም. ሲነግሡ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መልሰው ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። በሕይወት ቢገናኙ ኖሮ በአንድ ማዕድ ይቀርቡ ነበርን? መነኮሳቱ ግን ሁለቱንም በአንድነት ይጠብቋቸዋል።

ወንዶቹ ላይ ሳሉ ጀልባው እኛን ይዞ በደቅ ደሴት አጠገብ ወዳለችው ወደ ናርጋ ሥላሴ ወሰደን። ይህችን ክብ ቤተ ክርስቲያን ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እቴጌይቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1723 ዓ. ም. በሕፃንነቱ ሲነግሥ እርሳቸውም ዘውድ ጭነው መንግሥቱን አብረው የመሩ ናቸው። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል። ለረዥም ጊዜ ቆመን አየናቸው። አንዲት ጓደኛዬ፥ «ወንዶቹ አምስት ነገሥታት ቢያዩ እኛ ያየናት አንዲቷ ትበቃናለች» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

ወደ ዳጋ ተመልሰን ወንዶቹን ስንጭን ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ነፋሱም ተነሥቷል። ማዕበሉ ጀልባውን ከፍና ዝቅ ያደርገው ጀመር፤ ውኃውም በጎን እየገባ እስከ ጉልበታችን አረጠበን። ከእኛ አንዳንዱ መዝሙር፥ አንዳንዱ ስለት ያዘ። የጀልባው ነጂ ግን ምንም ሳይናገሩ ወደ ዘጌ አዙረው በደኑ ጥግ አስጠለሉን፤ እዚያም ነፋሱ እስኪበርድ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን።

ያን ጊዜ ነው የወንዶቹን ጽሑፍ የተቀበልሁት። አንዱ አራት ሣጥን፥ ሁለተኛው አምስት፥ ሦስተኛው ስድስት ብሏል! ክፍሉ ጨለማ ስለ ነበረና እየተጋፉ ስላዩ ነው። በአንድ ቀን፥ በአንድ ቤት፥ ሦስት ምስክር፥ ሦስት ቍጥር። መምህራችን ግን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረውን የቺዝማንን መጽሐፍ ጠቀሱልን። እርሱም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዐባይ ባሳተመው መጽሐፍ የጻፈው እነዚያኑ አምስቱን ስሞች ነው። ስለዚህ የገዳሙ ትውፊት ቢያንስ ከዚያ ጊዜ ወዲህ አልተለወጠም ማለት ነው። አፅሙ ራሱ ስሙን አይናገርም፤ ስሙን የያዙት መነኮሳቱ ናቸው።

ሦስቱም ሳይለያዩ የመሰከሩት ግን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የእመቤታችን ትልቅ ሥዕል ነው። ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን እንደ ሆነና በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደ ተሣለ በሥዕሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለእኔ ከሣጥኖቹ ሁሉ የበለጠ ማስረጃ ይህ ነው፤ ዘመኑ የራሱን ስም በራሱ እጅ ጽፎ ትቶልናልና።

ባሕር ዳር የደረስነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ወላጆቻችን ፋኖስና ባትሪ ይዘው ከወደቡ ቆመው ነበር። የሦስቱ ወንዶች ጽሑፍ ውኃ ነክቶት ቀለሙ ቢፈስም ቍጥሮቹ ይነበባሉ፤ በክበባችን ሣጥን ውስጥ እንዳሉ፥ ሳይታረሙ ተቀምጠዋል።